ዜናው በብዙ ቋንቋ፣ ጨዋታው በአንድ

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ የሐዋሳው አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ሥራ ከጀመረ ቆይቷል። ሌሊቱን ሐይቁ ላይ ያደሩት ጀልባዎች መረባቸውን ሰብስበው ተመልሰዋል፤ ቆሮሶው በአንድ ወገን፣ አምባዛው በሌላ ወገን ተከምሯል። አባ ኮዳዎች ረጃጅም እግራቸውን እያነሱ በሰው መካከል ይዘዋወራሉ፤ ከቢላዋ ሥር የሚጣለውን አንጀት ለመቅለብ ይሻማሉ። ሻይ ከምትሸጠው ሴት ጀርባ፣ የዳሱ ቋሚ ላይ በሽቦ ከታሰረች ሬዲዮ የጠዋቱ ዜና በአማርኛ ይሰማል። ሴትየዋ ለአንዱ ደንበኛ በሲዳሙ አፎ፣ ለሌላው በወላይትኛ ትመልሳለች፤ ሒሳብ ስትደምር ደግሞ አማርኛ ነው። ዜናው አልቆ ዘፈን ሲገባ እጇን ዘርግታ ድምፁን ከፍ ታደርጋለች። "ዜናውንማ ማታ ልጆቹ ይነግሩኛል፤ ዘፈኑን ግን ራሴ ካልሰማሁት ማን ይዘፍንልኛል?" ትላለች።

በዚሁ ሰዓት ፒያሳ ላይ ተሳፋሪ የሚጠብቅ ባጃጅ ውስጥ የስፖርት ወሬ ተከፍቷል። አቶቴ አካባቢ ያለች እናት ልጆቿን ለትምህርት ቤት እያሰናዳች ከቴሌቪዥን መዝሙር ትሰማለች። መናኸሪያ በር ላይ ዳቦ የሚሸጠው ወጣት ስልኩን ጆሮው ሥር ይዞ የጤና ባለሙያ የሚያስረዳውን ይከታተላል። ዜና፣ ሙዚቃ፣ ስፖርት፣ ሃይማኖት፣ ጤና፣ ማስታወቂያ ሁሉም በአንድ ማለዳ አየር ላይ ናቸው።

የብሮድካስት ባለሙያዎች የፕሮግራሞችን ዓይነት ሲከፍሉ በሦስት ቃላት ይጀምራሉ፤ ማሳወቅ፣ ማስተማርና ማዝናናት። ክፍፍሉ ከመቶ ዓመት በፊት የቢቢሲ የመጀመሪያው ሥራ አስኪያጅ ጆን ሪዝ ካስቀመጡት ዓላማ የወረደ ሲሆን፣ በአገራችንም ጋዜጠኝነት የተማረ ሁሉ በቃሉ ይዞታል። ሐዋሳን በመሰለ ከተማ ግን ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ የትኛው ዓይነት ፕሮግራም በየትኛው ቋንቋ ይቀርባል? ይህን ጥያቄ ይዞ የሬዲዮ ቁልፍ ያዞረ ሰው አንድ ነገር ቶሎ ይገለጥለታል። በብዙ ቋንቋ የሚደመጠው ዜናና የልማት መልእክት ነው። ሳቁ፣ ተከታታይ ድራማው፣ የጥያቄና መልስ ውድድሩ፣ የልጆች ተረቱ፣ የሌሊት ወጉ በአመዛኙ በአማርኛ ነው። ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚያ ክፍተት ነው።

ሐዋሳ ለብዙ ዓመታት የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል መዲና ነበረች። 56 ብሔረሰቦች የሚቆጠሩበት ክልል ማሰራጫ እዚህ ነበር። ደቡብ ኤፍ ኤም 100.9 የከተማዋ የዕለት ተዕለት ድምፅ ሆኖ ኖሯል፤ እንደ ቦንጋ፣ ወልቂጤ፣ ጂንካና አርባ ምንጭ ባሉ ከተሞችም ቅርንጫፍ ጣቢያዎች ተከፍተዋል። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ሲዳማ ክልል መሆንን መርጦ ሰኔ 2012 ዓ.ም. ሥልጣኑን ሲረከብ ሐዋሳ የአዲሱ ክልል መዲና ሆነች። ሲዳማ ሚዲያ ኔትወርክም መቀመጫው እዚሁ ነው። የድሮው ደቡብ ክልል ከዚያ ወዲህ ተከፋፍሎ ደቡብ ምዕራብ፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ሆኗል።

ከሐዋሳ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ካለችው ሻሸመኔ የሚነሣው ፋና ኤፍ ኤም 103.4ም ለከተማዋ ጎረቤት ነው። ኤፍ ኤም ቀጥ ብሎ የሚጓዝ ሞገድ ስለሆነ ተራራ ሲጋርደው ይደክማል፤ ሐዋሳ ያለችበት የስምጥ ሸለቆ ወለል ሜዳ በመሆኑ ግን በከተማው ዙሪያ ጥራቱ ጥሩ ነው። ወደ ሲዳማ ደጋ፣ ወደ ሁላና አርቤጎና በወጣን ቁጥር ሸንተረሩ ይጋርደዋል። መካከለኛ ሞገድ እንደዚያ አይደለም፤ ምድሩን ተከትሎ ይሄዳል፣ ሲመሽም ከላይኛው የአየር ንጣፍ እየነጠረ ሩቅ አገር ይደርሳል። የደጋው ገበሬ ከኤፍ ኤም ይልቅ የድሮዋን ባለ ብዙ ሞገድ ሬዲዮ አጥብቆ የያዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ጠዋት ከ2 ሰዓት በኋላ የኤፍ ኤም ጣቢያ ስቱዲዮ ውስጥ የሚሠራው ሥራ በውጭ ለሚሰማው ሰው ቀላል ይመስላል። አንድ አቅራቢ ማይክ ፊት ይቀመጣል፤ ከመስታወቱ ማዶ ቴክኒሺያኑ ሚክሰሩ ላይ አጎንብሷል። መግቢያ ሙዚቃው ያልቃል፣ ሰላምታ ይቀርባል፣ የዕለቱ ርዕስ ይነገራል፣ ስልኩ ክፍት ይሆናል። የሚደውለው ሰው ስለ ባጃጅ ታሪፍ ያማርራል፤ ሌላው ስለ ውኃ መጥፋት፤ ሦስተኛው ከሁሉ ቀድሞ ለእናቱ ሰላምታ ማቅረብ ይፈልጋል። አቅራቢው ማንንም ሳያስቀይም ሰላምታውን ማሳጠር፣ ቅሬታውን ማብራራት፣ ስድብ ሊወጣ ሲል ቀድሞ መስመሩን መቁረጥ አለበት። የሚመለከተው ኃላፊ በሁለተኛው መስመር ላይ ከተገኘ ፕሮግራሙ ነፍስ ይዘራል። የከተማ ነዋሪ በቢሮ ደጃፍ ቆሞ ያጣውን መልስ በአምስት ደቂቃ ውስጥ፣ ከተማው ሁሉ እየሰማ ያገኛል። እኔ ለሐዋሳ ሰው ከሁሉ በላይ ጠቃሚ የሬዲዮ ፕሮግራም የትኛው ነው ብባል ያለ ማመንታት ይህን እላለሁ።

ታዲያ ይህ ዓይነቱ ፕሮግራም የሚቆመው በገንዘብ ነው። አብዛኞቹ የኤፍ ኤም ጣቢያዎች የአየር ሰዓታቸውን ከፊል ለተባባሪ አዘጋጆች ይሰጣሉ። ተባባሪ አዘጋጁ ሰዓቱን ይገዛል ወይም በገቢ ይካፈላል፤ ከዚያ ስፖንሰር ፍለጋ ይዞራል። ባንክ፣ የግል ክሊኒክ፣ የቤት ዕቃ መሸጫ ይለምናል። ስፖንሰር የሚያደርገው ድርጅት ደግሞ ብዙ ጆሮ የሚገኝበትን ሰዓትና ቋንቋ ይመርጣል፤ ጆሮ በብዛት የሚገኘው በአማርኛ ስፖርት፣ በአማርኛ ሙዚቃና በአማርኛ ጨዋታ ላይ ነው። በሌሎቹ ቋንቋዎች የሚተላለፈው በመንግሥት በጀት የሚኖር ነው፤ በጀቱ የሚመደበው ደግሞ ለዜናና ለመልእክት ነው። ክፍተቱን የፈጠረው የአንድ ሰው ክፋት አይደለም፤ የገንዘቡ አካሄድ ነው። ለዚህም ነው በምክር ብቻ የማይዘጋው።

የቋንቋ ሰዓቶቹን ማሳነስ ግን ትልቅ ስሕተት ነው። እንሰት አጠውልግ በገባበት መንደር፣ የታመመውን ተክል በቆረጡበት ቢላዋ ጤነኛውን መቁረጥ በሽታውን እንደሚያዛምት በራሱ ቋንቋ የሰማ ገበሬ ማሳውን አትርፏል። ቡና አምራቹም እንዲሁ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል የዕለቱን ዋጋ በሬዲዮና በስልክ መልእክት ማድረስ የአሠራሩ አንድ አካል ነበር፤ የሲዳማ ቡና ደረጃ የሚወጣለት የቅምሻ ማዕከል ያለውም ሐዋሳ ነው። ዋጋውን በሬዲዮ የሰማ ሰው ከሰብሳቢ ጋር ሲደራደር ዓይኑ አይጨፈንም። ዋጋ የሚነበብበት የሁለት ደቂቃ ፕሮግራም በቴሌቪዥን ሽልማት አያገኝም፤ ሆኖም በአንድ ቤተሰብ የዓመት ኑሮ ላይ ያለውን ክብደት የሚያውቀው ያውቀዋል።

ቢሆንም ሰው በዋጋ ዝርዝርና በአጠውልግ ብቻ አይኖርም። በአማርኛ ልጅነቱን ያሳለፈ የእኔ ትውልድ አባባ ተስፋዬን ያስታውሳል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ተስፋዬ ሳህሉ ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት አወሩ። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ የሸበቱ ሰዎች እንደ ልጅ አለቀሱላቸው። ያስለቀሳቸው ምክሩ አልነበረም፤ ጥንቸሏና ጅቡ፣ የጣታቸው እንቅስቃሴ፣ የድምፃቸው መለዋወጥ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ የፈጠሯት ቀጭኔዋ ጸሐይ፣ "ጸሐይ መማር ትወዳለች" በሚለው ፕሮግራም እጅ መታጠብንና ፊደልን በጨዋታ አስተማረች። የአሻንጉሊት ፕሮግራም ከዜና ይልቅ አስቸጋሪ ሥራ ነው፤ ደራሲ፣ አሻንጉሊት ሠሪ፣ ድምፅ ተዋናይ፣ የሙዚቃ ሰው ይፈልጋል። አንድ ልጅ ግን የገዛ ቋንቋው ለጨዋታም እንደሚሆን የሚያምነው ቀጭኔ ወይም ጅብ በዚያ ቋንቋ ሲያስቀው ነው። ሲዳማ፣ ወላይታ፣ ሐዲያ፣ ከምባታ፣ ሁሉም የየራሳቸው ብልህ ጥንቸልና ሞኝ ጅብ አሏቸው። ተረቱ አለ፤ የጎደለው ስቱዲዮ ውስጥ የሚያስገባው ሰው ነው።

በትምህርት በኩል ሐዋሳ ያየችው ሙከራ ሰፊ ነው። በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የገባውን ፕላዝማ ያልቀመሰ የዚያ ዘመን ተማሪ የለም። ትልቁ ስክሪን ክፍሉ ፊት ለፊት በብረት ሳጥን ተቆልፎ ይቆማል። ደወሉ ሲደወል መምህሩ ሳጥኑን ይከፍታል፣ በሳተላይት የሚመጣውን ትምህርት ይጠብቃል። የስክሪኑ መምህር በእንግሊዝኛ ሰላም ብሎ ይጀምራል፤ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ሒሳብ ይቀጥላል። "አሁን ይህን ጥያቄ ሥሩ" ይላል፤ ሰዓት ይቆጥራል፤ ተማሪው ጥያቄውን ገልብጦ ሳይጨርስ መልሱ ይመጣል። የክፍሉ መምህር ከፊትና ከኋላ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ መሐሉ የስክሪኑ ነው። መብራት ከጠፋ የዚያ ቀን ትምህርት አለፈ ማለት ነው፤ ሳተላይቱ ለማንም አይደግምም።

ፕላዝማውን ሙሉ በሙሉ የሚያወግዙ አሉ፤ እኔ ከነርሱ አይደለሁም። ላቦራቶሪ አይቶ የማያውቅ የገጠር ተማሪ የአሲድና የቤዝ ቅልቅል ሲፈላ በዓይኑ ያየው በፕላዝማ ነው። ስሕተቱ የፕሮግራሙ ዓይነት ላይ ነበር፤ ለሚያቋርጥ፣ ለሚጠይቅ፣ ለሚዘገይ ልጅ ቦታ አልተወም። የአንደኛ ደረጃው የሬዲዮ ትምህርት በዚህ ይበልጠው ነበር። የክልል ትምህርት ቢሮዎች በአካባቢ ቋንቋ ያዘጋጁት የነበረው የሬዲዮ ትምህርት ጥያቄ ጠይቆ ዝም ይላል፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይመልሳል፤ ከዚያ "ጎበዞች!" የሚል ድምፅ ይከተላል። ሬዲዮው የተማሪዎቹን መልስ አይሰማም፣ ዝም የሚልበትን ጊዜ ግን ያዘጋጀው ሰው ልጅ ለማሰብ ስንት ሰከንድ እንደሚያስፈልገው ያውቃል። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ እንደገና የተጠራው ይኸው ሬዲዮ ነው።

ወደ ድራማው ልምጣ፤ እኔ ከሁሉ በላይ የምከራከርለት ዓይነት እሱ ነው።

ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ "የቀን ቅኝት" የሚባል ተከታታይ ድራማ ነበር። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ያዘጋጀው ይህ ድራማ 257 ክፍሎች ነበሩት። ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ስለ ሴት ልጅ ትምህርት ነበር፤ አድማጩ ግን ይህን ብሎ አልተቀመጠም። የተቀመጠው ባልና ሚስቱ ይታረቃሉ ወይስ አይታረቁም ብሎ ነው። ከ15,000 በላይ ደብዳቤ ደረሰ። ለልብ ወለድ ሰዎች ምክር የጻፉ ነበሩ፤ ለባለታሪኳ "ተይው፣ አይሆንሽም" ብለው የለመኑ ነበሩ።

ስልቱ የተቀመረው ሜክሲኮ ውስጥ ነው። ሚጌል ሳቢዶ የሚባለው የቴሌቪዥን ሰው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አንድ ነገር አስተዋለ፤ ተመልካች ጻድቁን ያደንቃል፣ ክፉውን ይጠላል፣ ልቡ የሚሄደው ግን በመካከል ከሚወላውለው ሰው ጋር ነው። ስለዚህ ድራማው ሦስት ዓይነት ባለታሪክ ይኖረዋል፤ ጥሩው፣ መጥፎውና የሚወላውለው። አድማጭ ከወላዋዩ ጋር ሲሳሳት፣ ሲቀጣ፣ ሲመለስ ይማራል። እንግሊዞች ደግሞ በ1951 እ.ኤ.አ. "ዘ አርቸርስ" የሚባል የሬዲዮ ድራማ የጀመሩት ከጦርነቱ በኋላ ገበሬው ምርት እንዲያሳድግ ለማስተማር ነበር፤ ዛሬም አላቆመም። የእርሻ ትምህርቱ ከተረሳ ቆይቷል፤ መንደሩ ግን በአየር ላይ ይኖራል።

ይህን ሁሉ የምተርከው ለአንድ ነጥብ ነው። የሲዳማ ደጋ ውስጥ የምትኖር እናት ስለ እርግዝና ክትትል የምትሰማው ከሦስት ደቂቃ መልእክት ነው፤ "እናቶች ሆይ፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ።" አማቷ ጤና ጣቢያ መሄድን ብትቃወም ምን ትላለች? ባሏ ቅዳሜ ገበያ ሄዶ ገንዘቡን ቢጨርስ ምን ታደርጋለች? መልእክቱ ይህን አይመልስም። ድራማ ይመልሳል፤ ምክንያቱም አማቷም፣ ባሏም፣ ገበያውም ድራማው ውስጥ አሉ፣ በራሳቸው አነጋገር ይናገራሉ።

በቴሌቪዥን በኩል ደግሞ የምሽቱ ንጉሥ ከተለወጠ ቆይቷል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ "ገመና" ሲተላለፍ፣ ከዚያም "ሰው ለሰው" ሲመጣ፣ የሐዋሳ ካፌዎች ወንበር ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞር ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የቱርክን "ጥቁር ፍቅር" በአማርኛ ድምፅ ይዞ ብቅ አለ። ከኢስታንቡል የመጡ ፖሊሶችና ሐብታም ቤተሰቦች በአማርኛ ሲጨቃጨቁ አገሩ ሁሉ ቤቱ ተቀመጠ። የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች ተቃወሙ፤ የውጭ ባህል ይጭንብናል፣ የአገር ውስጥ ሥራ ይገድልብናል አሉ። ሥጋታቸው ተገቢ ነበር፤ ሆኖም ቃና አንድ ነገር አሳይቷል። ድራማ ከባዶ ከመሥራት ይልቅ የተሠራውን መተርጎምና ድምፅ ማልበስ እጅግ ይረክሳል፤ ጥሩ ተርጓሚና ጥሩ ድምፅ ካለ ተመልካቹ ከንፈሩን አይቆጥርም። ይህ ስልት የሲዳሙ አፎና የወላይትኛ ተዋንያንን የመጀመሪያ ደመወዝ ሊከፍል ይችላል። ማይክ ፊት ድምፅ ማልበስን የተለማመደ ወጣት ነገ የራሱን ታሪክ ይሠራል።

ጣሪያ ላይ የሚወጡት ዲሽ ሠሪዎች ይህን የተመልካች ጉዞ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ኢትዮሳት ሲመጣ ስንቱን ዲሽ ከናይልሳት አዙረው፣ ኤልኤንቢውን አስተካክለው፣ ሪሲቨሩ ላይ አዲሱን ፍሪኩዌንሲ እንደሞሉ! ከታች የቤቱ እመቤት "መጣ!" ስትል ከላይ "ጥራቱ ስንት ይላል?" ብሎ መጮህ የዚያ ጊዜ የየሠፈሩ ድምፅ ነበር። አንዱ ለመዝሙር ጣቢያ ይጠራቸዋል፣ ሌላው ለልጆች ካርቱን፣ ሌላው ለኳስ። ለሲዳሙ አፎ ድራማ ብሎ የሚጠራቸው የሚኖረው መጀመሪያ ድራማው ሲኖር ነው።

የኳሱ ነገር በሐዋሳ ለብቻው ይታያል። ሐዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ያነሣ ክለብ ነው፤ ሲዳማ ቡናም ደጋፊው ብዙ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሊጉ ጨዋታ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ሲጀምር፣ ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወሩ ሲካሄዱ፣ የሐዋሳ ሜዳም ከነዚህ አንዱ ሆነ። በዲኤስቲቪ ቤቱ አግዳሚ ላይ የተቀመጠው ወጣት የራሱን ሠፈር ልጅ በዚያው ስክሪን፣ በዚያው ጥራት፣ ከአርሰናልና ከማንቸስተር ቀጥሎ አየው። በሬዲዮ ኳስ ማስተላለፍ ግን ሌላ ጥበብ ነው፤ አድማጩ ሜዳውን አያይም፣ ኳሱ የት እንዳለ፣ ማን ወደ የት እንደሮጠ፣ ደጋፊው ለምን እንደተነሣ አስተላላፊው በትንፋሽ ፍጥነት መሳል አለበት። ቋንቋን የሚፈትን ከዚህ የበለጠ ሥራ ጥቂት ነው። በሲዳሙ አፎ ኳስ የሚያስተላልፍ ሰው "የማዕዘን ምት"ን፣ "ከጨዋታ ውጭ"ን በሩጫ ላይ ሳለ ማለት አለበት፤ ቋንቋ የሚያድገው እንዲህ ሲገደድ ነው።

ቋንቋው ሁሉን ማድረግ እንደሚችል የሚያሳይ ቀን በዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል። ፍቼ ጫምባላላ፣ በ2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ቀኑን የሚወስኑት ኮከብ የሚያነቡት አያንቶዎች ናቸው። ቀኑ ሲታወቅ ካሜራዎቹ ወደ ጉዱማሌ ያመራሉ። በሐይቁ ዳር ያለው ሰፊ ሜዳ በሰው ይሞላል። የቄጣላው ሰልፍ ከየአቅጣጫው እየዘመረ ይገባል፤ ሽማግሌዎች ይመርቃሉ፤ "አይዴ ጫምባላላ" ይባባላል ሕዝቡ። በየቤቱ በቅቤ የራሰው የእንሰት ምግብ፣ ቡርሳሜ፣ በሸክላው ሻፌታ ቀርቧል። የቀጥታ ስርጭቱ ከተቀነባበረ ዘገባ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ዘገባ የሦስት ደቂቃ ጭፈራና የባለሥልጣን ንግግር ያሳያል። የቀጥታ ስርጭት ግን የሚሞላው ሰዓት አለው፤ ስለዚህ አቅራቢው ሽማግሌውን የጥንት ታሪክ ይጠይቃል፣ ከወጣቶች ጋር ይቀልዳል፣ የዘፈኑን ትርጉም ያወጋል፣ ዝናብ ሲመጣ ስለ ዝናቡ ያወራል። በዚያ ቀን ሲዳሙ አፎ በአየር ላይ ይስቃል፣ ይተርካል፣ ይከራከራል። በማግሥቱ ወደ ዜናው ይመለሳል።

ለምን ተመለሰ ብለው ለሚጠይቁ የሚሰጠው መልስ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ፍርሃትም አለ፤ ፍርሃቱም መነሻ አለው። ሐምሌ 2011 ዓ.ም. በክልልነት ጥያቄው ዙሪያ ሐዋሳና አካባቢዋ ሲናወጡ ሰው ሞተ፣ ንብረት ጠፋ፤ የሲዳማ ሚዲያ ኔትወርክ ስርጭትም ተቋረጠ፣ የሥራ ኃላፊዎቹም ታሰሩ። ከዚያ ወዲህ በአካባቢ ቋንቋ የሚተላለፍ ቀጥታ ፕሮግራም ሲታሰብ "ማን ይቆጣጠረዋል?" የሚለው ጥያቄ ይቀድማል። ከዚህም በላይ የሩዋንዳ ጥላ አለ። አርቲኤልኤም የተባለው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲከፈት ያማለለው በፖለቲካ ንግግር አልነበረም። የመንግሥቱ ሬዲዮ ደረቅ ነበር፤ እሱ ሙዚቃ አመጣ፣ ቀልድ አመጣ፣ ከአድማጭ ጋር ጨዋታ አመጣ። በዓመቱ ያው ለስላሳ ድምፅ የሰው ስምና አድራሻ እየጠራ አስገደለ።

ከዚህ ታሪክ "እንግዲህ ቋንቋዎቹ ዜና ብቻ ያንብቡ" የሚል ትምህርት የሚወስዱ አሉ። አልቀበለውም። ጨዋታው ሁሉ በአንድ ጣቢያ እጅ በነበረበት አገር የዚያ ጣቢያ መርዝ ማርከሻ አላገኘም። ሰው ሊሰማ የሚፈልገውን የሚያቀርብለት ሐቀኛ ጣቢያ ከሌለ ሐቀኛ ያልሆነውን ይሰማል። ዛሬ ደግሞ ስልኩ በእጁ ነው፤ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በሁሉም ቋንቋ ጨዋታ ያመጡለታል፣ ማንም አርታኢ ሳይነካው። የሠለጠነ አቅራቢ፣ ኃላፊነት የሚወስድ አዘጋጅ፣ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ የሚያስጠይቀው ጣቢያ በሲዳሙ አፎና በወላይትኛ ቢቀልድ ይሻላል፤ ቀልዱን ለማይታወቅ ሰው ከመተው።

ከየት ይጀመር? እኔ ታሪኩ የት እንዳለ አውቃለሁ። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በር ላይ የፈረቃ መለዋወጫ ሰዓት ቆመው ይመልከቱ። በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች ይወጣሉ፤ ከሲዳማ ወረዳዎች፣ ከወላይታ፣ ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከጌዴኦ የመጡ። አራት አምስት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፤ ከአንድ ድስት ይበላሉ፤ ለቤተሰብ የሚልኩትን ከደመወዛቸው ላይ ይቀንሳሉ፤ አጎዋ የተባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል ሲቀር ሥራቸው ይቀር ይሆን ብለው ሌሊቱን አብረው ተጨንቀዋል። በዚያች ክፍል ውስጥ አንዷ በሕልሟ በሲዳሙ አፎ ታወራለች፣ ሌላዋ በስልክ እናቷን በወላይትኛ ታጽናናለች፣ ሲጣሉ በአማርኛ፣ ሲታረቁ በሦስቱም ነው።

ይህ ለሬዲዮ የተሠራ ታሪክ ነው። ካሜራ አያስፈልገውም፣ አልባሳት አያስፈልገውም። አምስት ድምፅ፣ አንድ ደራሲ፣ የበር ኳኳታና የስፌት ማሽን ድምፅ የሚቀርጽ ቴክኒሺያን ይበቃዋል። በሳምንት ሁለት ጊዜ 15 ደቂቃ፤ አንድ ጊዜ ሲተላለፍ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በድጋሚ፣ ልጆቹ ከፈረቃ በሚመለሱበት ምሽት። እያንዳንዷ ባለታሪክ በራሷ ቋንቋ ትናገር፤ ሌሎቹ እንዴት እንደተረዷት በመልሳቸው ይታወቃል፤ አድማጩም እንደ ሐዋሳ ሰው ከአውዱ ይለምዳል። የመጀመሪያው ክፍል ደመወዝ በተከፈለበት ቅዳሜ ይጀምር፤ ከአምስቱ አንዷ የቤት ኪራዩን ድርሻዋን ይዛ ሳትመለስ ስትቀር።